ቢላው አልቆርጥ ያለው አርጅቶ አይደለም፦ ለበዓል አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



በዓል በመጣ ቁጥር በብዙ ቤት የሚደጋገም ነገር አለ። ሽንኩርቱ ይገዛል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ዶሮው ይመጣል፤ ቢላው ግን የሚታወሰው የዶሮው ቆዳ አልበጠስ ሲል ነው። ያን ጊዜ አንዱ ሁለት ቢላ ያፋጫል፣ ሌላዋ የሲኒ ቂጥ ላይ ትሞርዳለች፣ የቀረው ደግሞ "ይሄ ቢላ አርጅቷል በቃ!" ብሎ አዲስ ሊገዛ ይወጣል። አዲሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ይሆናል። ከዚያ ሌላ በዓል፣ ሌላ ቢላ።

እውነቱን ለመናገር "አረጀ" ከሚባለው ቢላ አብዛኛው ምንም አልሆነም። ስለቱ ወይ ተጣሟል ወይ ተበልቷል። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ልዩነቱን ያወቀ ሰው በሳምንት የአንድ ደቂቃ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሦስቴ የግማሽ ሰዓት ሥራ እየሠራ አንድን ቢላ ለብዙ ዓመታት ስለታም አድርጎ ያቆያል። ዛሬ ይህንን ደረጃ በደረጃ እንይ።

የደነዘ ቢላ ነው የሚቆርጠን

ብዙ ሰው "ቢላ በጣም ሲሳል ያስፈራኛል" ይላል። ፍርሃቱ ይገባናል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስለታም ቢላ በትንሽ ግፊት በያዝንለት አቅጣጫ ይገባል። የደነዘው ግን ጉልበት ይፈልጋል። ሽንኩርቱ ወይም የዶሮው ቆዳ ላይ ስንጫነው እምቢ ይልና በድንገት ያንሸራትታል። የተጫንንበት ጉልበት ሁሉ ታዲያ የሚያርፈው ሽንኩርቱን በያዘው እጃችን ላይ ነው።

ሌላው የሽንኩርት እንባ ነው። ሽንኩርት ሲቆረጥ ውስጡ ተለያይተው የነበሩ ንጥረ ነገሮች ይገናኙና ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራሉ። ስለታም ቢላ ሽንኩርቱን ቆርጦ ያልፋል፤ የደነዘው እየጨፈለቀ ስለሚሄድ ብዙ ፈሳሽ ያወጣል፣ ብዙም ያስለቅሳል። ለዶሮ ወጥ ኪሎ ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥጋም እንዲሁ ነው። የደነዘ ቢላ ክትፎውን ሳይሆን የሥጋውን ፈሳሽ ነው የሚያወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሳ። በብዙ ቤት ቢላውን ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ሰውና "መሳያ ይገዛ" ብሎ የሚወስነው ሰው አንድ አይደሉም። የቤት ሠራተኛዋ፣ እናት ወይም ታላቅ እህት "ኧረ ይሄ ቢላ አልቆርጥ አለ" ስትል "አይ እስከ በዓሉ ይቆይ" ተብሎ ይታለፋል። ይህ የምቾት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የጣት ጉዳይ ነው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የምትል ሰው ካለች ስሟት።

ለመሆኑ ስለቱ ምን ሆኖ ነው?

ስለት ማለት የቢላው ሁለት ጎኖች የሚገናኙበት መስመር ነው። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ይቆርጣል፤ ከወፈረ ወይም ከተጣመመ አይቆርጥም።

አንደኛው ችግር መጣመም ነው። ቢላው ከመክተፊያው ጋር በተጋጨ ቁጥር ያ እጅግ ቀጭን ጠርዝ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይተኛል። ብረቱ አለ፣ የትም አልሄደም፤ ተኝቷል እንጂ። ባለፈው ሳምንት ደህና ይቆርጥ የነበረ ቢላ ዛሬ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። መድኃኒቱ ማቃናት ነው።

ሁለተኛው ችግር መበላት ነው። ጠርዙ ቀስ በቀስ አልቆ ክብ ይሆናል። ይህንን ምንም ያህል ብታቃኑት አይመለስም። ከሁለቱም ጎን ትንሽ ብረት አንስቶ አዲስ ጠርዝ ማውጣት ያስፈልጋል። መሳል የሚባለው ይሄኛው ነው።

የእናንተ ቢላ የትኛው እንደደረሰበት ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። አራት ቀላል መፈተሻዎች አሉ።

1. የመብራት ፈተና፦ ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በመብራት ሥር ያዙትና ከላይ ተመልከቱ። በደንብ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ እንደ ጥቁር መስመር ነው የሚታየው። የሚያብረቀርቅ ነጭ መስመር ካያችሁ እዚያ ጋ ደንዟል። ነጠብጣብ ብልጭታ ካያችሁ ደግሞ የተሸረፈ ቦታ ነው።

2. የወረቀት ፈተና፦ ወረቀት በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ በሌላው እጅ ከእጀታው በኩል እስከ ጫፉ እየሳባችሁ ቁረጡት። ያለ ጩኸት ከሄደ ጥሩ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ከያዘውና ከቀደደው ችግሩ ያለው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

3. የቲማቲም ፈተና፦ ቢላውን ሳትጫኑ ቲማቲሙ ላይ አስቀምጡና ወደ ራሳችሁ ሳቡት። በራሱ ክብደት ቆዳውን ከበጣው ለወጥ ቤት በቂ ነው። ካንሸራተተ ገና ነው።

4. የጥፍር ፈተና፦ ስለቱን በጣም በቀስታ፣ ሳትጫኑ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ስታስኬዱት የተሸረፈ ቦታ ካለ ቆረፍ ሲል ይሰማችኋል። በእስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን እንደምታውቁት፣ በአይሁድ ሥርዓት የሚያርዱ ሰዎች ከማረዳቸው በፊት ስለቱን የሚፈትሹት በጥፍርና በጣት ነው፤ ትንሽ የተሸረፈ ነገር ከተገኘ ያ ቢላ ለእርድ አይውልም።

ጣትን በስለቱ ርዝመት ማስኬድ ግን ፈጽሞ አይሞከርም!

የምናውቃቸው ዘዴዎች፦ የትኛው ይሠራል?

የሲኒ ቂጥ። ይሠራል። ሲኒ ወይም የሸክላ ኩባያ ስትገለብጡ ከሥር በኩል ቀለበት የመሰለ፣ የማያብረቀርቅ ሻካራ ቦታ አለ። ማብረቅረቂያው ያልነካው የተጠበሰ ሸክላ ስለሆነ ከቢላ ብረት ይጠነክራል፤ ስለዚህ ብረቱን ቀስ እያለ ይሞርዳል። እናቶቻችን ያወቁት ነገር ትክክል ነው። ጉድለቱ ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው፤ ትንሽ የደነዘውን ይመልሳል፣ በጣም የደነዘውን ግን ጊዜ ይፈጃል። ሲኒው እንዳያንሸራትት እርጥብ ጨርቅ ላይ ድፉት።

ሁለት ቢላ ማፋጨት። እንደ አያያዙ ነው። ስለት ከስለት ጋር ከተፋጨ ሁለቱም ይሸረፋሉ፤ ድምፁ ያምራል እንጂ ጥቅሙ ኪሳራ ነው። ነገር ግን የአንዱን ቢላ ስለት በሌላው ቢላ ጀርባ ላይ፣ ጋደል አድርጎ በቀስታ ማስኬድ የተጣመመውን ጠርዝ ያቃናል። አስታውሱ፣ ይህ ማቃናት ነው እንጂ መሳል አይደለም። የተበላ ስለት በዚህ አይድንም።

የግቢ ድንጋይና የሲሚንቶ ደረጃ። ብረት ይበላል፣ ያለጥርጥር። ነገር ግን አሸዋው አንድ ወጥ ስላልሆነ አንዱን ቦታ ሲስል ሌላውን ይሸርፋል። ለገጀራና ለመጥረቢያ ይሁን፤ ለወጥ ቤት ቢላ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

በግራይንደር የሚስሉ ባለሙያዎች። እነዚህ ወንድሞቻችን ያስፈልጉናል። ጫፉ የተሰበረ፣ ስለቱ በጥልቀት የተሸረፈ ቢላ በእጅ ድንጋይ ቢሳል ሰዓታት ይፈጃል፤ ማሽኑ በደቂቃ ይጨርሰዋል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማሽኑ ብዙ ብረት ይበላል። በየበዓሉ ግራይንደር የሚነካው ቢላ ከዓመት ዓመት እየጠበበ መጥቶ መሀሉ እንደ ማጭድ ይጎደጉዳል። ሁለተኛ፣ ሙቀት። የቢላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በተመጠነ ሙቀትና ማቀዝቀዝ ነው። ስሱ ጠርዝ ማሽን ላይ ከመጠን በላይ ከጋለ ያ ጥንካሬ ይለቃል። ምልክቱም ስለቱ አካባቢ የሚታይ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ነው። ተራ የካርቦን ብረት ሰማያዊ የሚሆነው ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ቢሳልም ቶሎ ቶሎ ይደነዝዛል። ስለዚህ ስታስሉ "ወንድሜ፣ ውሃ እየነከርክ፣ ቀስ እያልክ" ማለት ነውር የለውም። ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ የሚሠራ ባለሙያ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት።

ቢላውን ሰንጥቆ በሚያሳልፍ ቀዳዳ የሚስል የፕላስቲክ መሳያ። ፈጣን ነው፣ ለማንም አይከብድም። ነገር ግን ብዙዎቹ ብረቱን የሚፍቁት በኃይል ስለሆነ ስለቱ ሻካራ ይሆናል፣ ቢላውም ቶሎ ያልቃል። ለርካሽ ቢላ ምንም አይልም። ውድ ቢላ ካላችሁ ግን አርቁት።

ማቃናት፦ የሳምንቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ

ሥጋ ቤት ስትገቡ ባለሙያው ሥጋ ከመቁረጡ በፊት ዱላ የመሰለ ክብ ብረት ላይ ቢላውን ሸር ሸር ሲያደርግ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው እየሳለ ይመስለዋል፤ በዋናነት የሚሠራው ግን ማቃናት ነው። የተኛውን ጠርዝ ቀጥ ያደርገዋል። ለዚህ ነው በየጥቂት ደቂቃው የሚደጋግመው።

ቤት ውስጥ ስትሠሩት አየር ላይ እንደ ባለሙያ ማወናጨፍ አያስፈልግም። ብረቱን ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ እርጥብ ጨርቅ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ቢላውን ከላይ ጀምራችሁ፣ በትንሹ ጋደል አድርጋችሁ፣ ከእጀታው በኩል ካለው የስለቱ መጀመሪያ እስከ ጫፉ ወደ ታች እያንሸራተታችሁ አውርዱት። አንዴ በቀኝ ጎን፣ አንዴ በግራ ጎን፤ ለእያንዳንዱ ጎን አምስት ስድስት ጊዜ። አትጫኑት፣ የቢላው ክብደት ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በጣም ጠንካራ ብረት ያላቸው ቢላዎች፣ በተለይ የጃፓን ሥራ የሆኑት፣ መስመር መስመር ባለው ብረት አይቃኑም። የብረት ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ሲነገር የተለመዱት የጀርመን የወጥ ቤት ቢላዎች ከ55 እስከ 58 አካባቢ ናቸው፤ ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች ግን 60 እና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ለስላሳው ብረት ይጣመማል፣ ጠንካራው ግን ይሸረፋል። ለእነዚህኞቹ የሴራሚክ ዘንግ ወይም በቀጥታ መሳያ ድንጋይ ይሻላል።

መሳል፦ በድንጋይ፣ ደረጃ በደረጃ

የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቆች ውስጥ አንድ ጎኑ ሻካራ፣ ሌላ ጎኑ ለስላሳ የሆነ መሳያ ድንጋይ ይገኛል። ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ ደንቡ ቀላል ነው፦ ቁጥሩ ሲያድግ ድንጋዩ ይለሰልሳል። ከ400 በታች ለተሸረፈና በጣም ለደነዘ፣ 1000 አካባቢ ለተለመደው መሳል፣ ከ3000 በላይ ለማለስለስ። ለቤት አንድ 1000 ቁጥር ብቻውን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ማረጋጋት። እርጥብ ፎጣ አጥፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ፣ ድንጋዩን ላዩ ላይ አስቀምጡ። ድንጋዩ ከተንቀሳቀሰ ሥራውን አቁሙ። የውሃ ድንጋይ ከሆነ አረፋ ማውጣቱን እስኪተው ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ሌላው ላይ ውሃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የምግብ ዘይት አታፍሱበት፤ ከጊዜ በኋላ ይረጋና ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል።

ደረጃ 2፦ ማጋደል። የጠቅላላው ሥራ ቁልፍ ይሄ ነው። ለተለመደ የወጥ ቤት ቢላ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። "20 ዲግሪ በምን ልለካ?" ካላችሁ ዘዴው ይኸው፦ የስለቱን ስፋት፣ ማለትም ከጀርባው እስከ ጠርዙ ያለውን፣ ለሦስት ክፈሉት። የቢላው ጀርባ ከድንጋዩ በዚያ ልክ ከፍ ይበል። ስፋቱ 3 ሴንቲሜትር ከሆነ ጀርባውን 1 ሴንቲሜትር ታነሣላችሁ፤ 20 ዲግሪ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሌላም አለ፦ የወረቀት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። አንዴ ስታጥፉት 45፣ እንደገና ስታጥፉት 22 ተኩል ይሆናል። ያችን ሦስት ማዕዘን አጠገባችሁ አቁማችሁ አመሳስሉ።

ደረጃ 3፦ ማርከር መቀባት። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ የለም። ጠርዙን በሁለቱም ጎን በጥቁር ማርከር ቀቡትና ሁለት ሦስቴ ሳሉት። ቀለሙ እስከ ጠርዙ ድረስ ከለቀቀ አያያዛችሁ ልክ ነው። ከጠርዙ ከፍ ብሎ ብቻ ከለቀቀ ቢላውን በጣም አስተኝታችኋል። ጠርዙ ጫፍ ላይ ብቻ ከለቀቀ በጣም አቁማችኋል።

ደረጃ 4፦ አንዱን ጎን መሳል። አንድ እጅ እጀታውን ይያዝ፣ የሌላኛው እጅ ሁለት ጣቶች ስለቱን ከላይ ወደ ድንጋዩ ቀለል አድርገው ይጫኑ። ወደፊትና ወደኋላ እያስኬዳችሁ ከእጀታው በኩል ወደ ጫፉ ቀስ በቀስ ተሻገሩ። ጫፉ ጋ ስለቱ ስለሚጎብጥ እጀታውን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ፍጥነት አያስፈልግም። ፍጥነት ማጋደሉን ያበላሻል።

ደረጃ 5፦ ትርፍ ጠርዙን መፈለግ። ብዙ ሰው "ሳልኩት ግን አልተሳለም" የሚለው እዚህ ጋ ስለሚሳሳት ነው። ስንት ጊዜ ልሳል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቁጥር አይደለም፤ ምልክት ነው። አንዱን ጎን ስትስሉ ብረቱ እስከ ጠርዙ ከደረሰ በተቃራኒው ጎን በኩል በጣም ስስ የሆነ ትርፍ ብረት ታጥፎ ይወጣል። ዓይን ላያየው ይችላል፣ ጣት ግን ይሰማዋል። አውራ ጣታችሁን ከቢላው ጀርባ ወደ ጠርዙ አቅጣጫ፣ ከስለቱ ወደ ውጭ፣ በቀስታ አንሸራቱ። ሻከር ብሎ ከያዘ ወጥቷል። ከእጀታው እስከ ጫፉ በሙሉ ካልተሰማችሁ ባልተሰማበት ቦታ ላይ ቀጥሉ። ከመውጣቱ በፊት ካቆማችሁ ብረት ፈጫችሁ እንጂ አልሳላችሁም።

ደረጃ 6፦ ሌላውን ጎን። ቢላውን ገልብጡና ያንኑ ሥራ ድገሙ፤ ትርፍ ጠርዙ አሁን ወደ መጀመሪያው ጎን እስኪዞር ድረስ።

ደረጃ 7፦ ትርፉን ማንሣት። አሁን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎን እያቀያየራችሁ፣ በየጊዜው ግፊቱን እየቀነሳችሁ አሥር ጊዜ ያህል አስኪዱት። ድንጋያችሁ ለስላሳ ጎን ካለው በእሱ ላይ አድርጉት። በመጨረሻ ስለቱን ወደ ኋላ፣ ማለትም ጀርባው እየመራ፣ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ፣ በካርቶን ወይም በተጣጠፈ ጋዜጣ ላይ አሥር ጊዜ ሳቡት። ስለቱ እየመራ ከሄደ ቀበቶውን ይቆርጣል፣ ተጠንቀቁ።

ደረጃ 8፦ ማጠብ። የብረትና የድንጋይ ብናኝ ስላለበት ምግብ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከዚያ የወረቀቱን ፈተና ድገሙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጣም የደነዘ ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አንዴ ጠርዙ ከተስተካከለ ቀጣዩ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው።

ድንጋይ የለኝም የሚል ካለ

የመኪና ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎች በውሃ የሚጠቀሙበት ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት አለ። ጀርባው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። አንድ 400 እና አንድ 1000 ግዙ። ወረቀቱን በውሃ አርሳችሁ ወፍራም መስታወት ወይም ለስላሳ የወለል ሴራሚክ ላይ ለጥፉት፤ ውሃው ራሱ ይይዘዋል። አሠራሩ ከድንጋዩ ጋር አንድ ነው፣ ልዩነቱ አንድ ብቻ፦ ቢላውን ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ጀርባው እየመራ ነው የምትስቡት። ወደፊት ከገፋችሁት ወረቀቱን ይቀድደዋል። ውጤቱ ከድንጋይ ብዙም አያንስም።

ሁሉም ቢላ አንድ አይደለም

ለአትክልትና ለቀጭን ሥራ የምትጠቀሙበት ስስ ቢላ እስከ 15 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጀርባውን የስፋቱን ሩብ ያህል ብቻ አንሡ። ለተለመደው 20። አጥንት ለሚነካ ከባድ ቢላ ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። ጠርዙ ቀጥኖ ከተሳለ ይቆርጣል ግን ቶሎ ይሸረፋል፤ ወፍሮ ከተሳለ ይቆያል ግን ጉልበት ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቢላ ማግኘት አይቻልም። ለዚህ ነው አጥንት የምትመቱበትና ሽንኩርት የምትከትፉበት ቢላ ቢለያይ የሚመረጠው።

ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ በጠፍጣፋ ድንጋይ አይሳልም፤ ጥርሱ ይጠፋል። ከመኪና ባሌስትራ በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ቢላ ያላችሁ ደግሞ አትናቁት። እንዲህ ያለው ብረት በድንጋይ ቶሎ ይሳላል። ጠላቱ ዝገት ነው፦ ታጥቦ ወዲያው ካልደረቀ ይዝጋል፣ ቲማቲምና ሎሚ ላዩ ላይ ካደሩ ይጠቁራል።

ስለት የሚበሉ ልማዶች

መሳል ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይደጋገም እነዚህን ተዉ።

ሳህን ላይ መቁረጥ፦ የሸክላ ሳህን፣ ብርጭቆና ግራናይት ጠርዙን በአንድ ማዕድ ያበላሹታል። ቁርጥ ስትበሉም ሥጋው ከእንጨት ላይ ይቆረጥ። እንጨትና ፕላስቲክ መክተፊያ ለስለት ወዳጅ ናቸው።

አጥንት መምታት፦ ዶሮ ሲበለት ቢላው የሚገባው በመገጣጠሚያው ነው። 12ቱን ብልት በሥርዓት የሚያወጣ ባለሙያ አጥንት አይመታም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ጅማቱን ነው የሚቆርጠው። ይህ ልማድ ለወጡም ለቢላውም ጥሩ ነው።

በስለቱ መጥረግ፦ የተከተፈውን ሽንኩርት ከመክተፊያው ወደ ድስት ስትገፉ በስለቱ አትጥረጉ። ቢላውን ገልብጡና በጀርባው ግፉት። በጣም ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

ቆርቆሮ መክፈት፣ ቡሎን መፍታት፦ ስለዚህ ምን እንበል? ተዉት።

ከማንኪያና ሹካ ጋር መጣል፦ መሳቢያ ውስጥ እየተጋጨ ይሸረፋል፣ እጅ የሚያስገባውንም ይቆርጣል። ከወፍራም ካርቶን አፎት ሠርታችሁ አልብሱት። ሳሙናማ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አትተዉት፤ የሚያጥበው ሰው አያየውም። ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑም ለቢላ አይሆንም፤ በእጅ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ። ለቤተሰብ ጥሩ ቢላ ይዛችሁ ስትመጡም በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ሻንጣ እንደማይፈቀድ አትርሱ፤ ስለቱንም በደንብ ጠቅልሉት።

ለበዓል መቼ ይሳል?

በዋዜማው ሌሊት አይደለም። ድካምና ጥድፊያ ባለበት ሰዓት ቢላ አይሳልም። ከሦስት አራት ቀን በፊት፣ ሕፃናት በሌሉበት፣ በቀን ብርሃን ሥሩት። የእርድ ቢላም በዚሁ ጊዜ ይዘጋጅ። በእስልምና እርድ ከመፈጸሙ በፊት ስለቱ በደንብ እንዲሳልና እንስሳው እንዳይሠቃይ ታዝዟል፤ እንስሳው እያየ መሳልም አይወደድም። ሃይማኖታችን ምንም ይሁን ምን፣ በደነዘ ቢላ ማረድ ጭካኔ ነው።

ከሁሉም በላይ ይህንን አትርሱ፦ ቢላውን ከሳላችሁ በኋላ ለቤቱ ሰው በሙሉ ንገሩ። በደነዘ ቢላ የለመደ እጅ መጫን ለምዷል። "ቢላው ተስሏል፣ አትጫኑት" የምትል አንዲት ቃል ጣት ታድናለች።

ቢቆርጠንስ?

ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ ሳትላቀቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አጥብቃችሁ ያዙት፣ እጃችሁንም ከፍ አድርጉት። በየደቂቃው ገልጦ ማየት ደሙን መልሶ ያስጀምረዋል። ሲቆም በንጹሕ ውሃና ሳሙና ታጥቦ ይሸፈን። ቡና አትነስንሱበት! ደሙን ያቆመ ይመስላል፣ ግን ቁስሉን ያቆሽሸዋል፤ የጤና ባለሙያውም ለማጽዳት ይቸገራል። ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ስለ ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባትም ጠይቁ።

ለማጠቃለል፦ የተጣመመውን በየሳምንቱ አቃኑ፣ የተበላውን በዓመት ሁለት ሦስቴ ሳሉ፣ ትርፍ ጠርዙ ሳይወጣ አታቁሙ፣ ግራይንደርን ለተሸረፈና ለተሰበረ ብቻ አቆዩት። አሁን ተነሥታችሁ ያንን "አርጅቷል" ያላችሁትን ቢላ መብራት ሥር ያዙትና ተመልከቱት። ነጭ መስመር ካያችሁ ሥራው ይታወቃል።

እናንተ ቤት ቢላ የሚሳለው በምንድን ነው? በኮመንት አካፍሉን። ለበዓል ሽንኩርት የምትከትፍ እህት፣ እናት ወይም ጓደኛ ካለቻችሁም ሼር አድርጉላት።

ቸር እንሰንብት!